የታማኙ ዳኛ የመሳሳት መብት



ስትጋብዙኝ የሰጣችሁኝ ርእስ «የስፖርት ጨዋነት» የሚል ነበር። ሰፊ ርእስ ለተናጋሪ ይመቻል፤ አድማጭን ግን ያስተኛል። በዚያ ላይ ሰዓቱ የበርጫ ሰዓት ነው። ምን ትታችሁ እንደመጣችሁ ስለማውቅ ውለታችሁን በአጉል ምክር አልመልስም። ርእሱን አጥብቤዋለሁ። የማወራው ስለ ዳኛና ስለ ውርርድ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ተመልካቹ በጨዋታው ላይ የነበረው እምነት የት እንደሚገባ ነው። ምሳሌዬም በብዛት ከቅርጫት ኳስ ይሆናል።

«የእግር ኳስ ከተማ መጥቶ ስለ ቅርጫት ኳስ ያወራል?» የሚል አይጠፋም። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ሶማሌ ለዚህ ጨዋታ ያለው ፍቅር የቆየ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሞቃዲሾ ላይ ሲካሄድ ኮትዲቯር ወርቁን፣ ግብፅ ብሩን ወሰዱ፤ ነሐሱን ያገኘችው ሶማሊያ ነበረች። ከመካከላችሁ ያን ጊዜ በራዲዮ የተከታተለ ሽማግሌ ቢኖር አይገርመኝም። ሁለተኛው ምክንያት ከጨዋታው ጠባይ የሚመጣ ነው። በቅርጫት ኳስ ፊሽካ ያልተነፋበት ደቂቃ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ዳኛ ቢበላሽ መበላሸቱ ቶሎ አይታይም።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ዳኛ እንዴት ይሸጣል? ሁለተኛ፣ ዳኛ ተሸጠ ሲባል ተመልካቹ ምን ይሆናል? ሦስተኛ፣ እኛ ጅግጅጋ፣ ቀብሪ በያህ፣ አውበሬ፣ ቶጎ ውጫሌ፣ ሺኒሌ ውስጥ ውድድር የምናዘጋጅ ሰዎች ምን እናድርግ? ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው።

ዳኛ ተገዛ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ነገር አንድ ነው። አንድ ባለገንዘብ ፖስታ ይዞ ይመጣል፣ «የእኛ ቡድን ያሸንፍ» ይላል፣ ዳኛው ይቀበላል፣ ማታ ቡድኑ ያሸንፋል። ይህ አለ፤ ሲኖርም የኖረ ነው። ነገር ግን የድሮ ገበያ ነው። የዛሬው ገዢ ማን እንዳሸነፈ ጉዳዩም አይደለም።

ይህን በደንብ የሚያሳየን የቲም ዶናጊ ታሪክ ነው። ዶናጊ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ 13 የውድድር ዘመን የዳኘ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2007 ሥራውን ለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ የፌዴራል ፖሊስ እየመረመረው እንደነበር ተሰማ። በነሐሴ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ መሆኑን አመነ፤ በቀጣዩ ዓመት የ15 ወር እስር ተፈረደበት። ጥፋቱ ምን ነበር? ራሱ በሚዳኛቸው ጨዋታዎች ጭምር ይወራረድ ነበር። ከዚያም የትኛው ቡድን ላይ ገንዘብ ቢቀመጥ እንደሚያዋጣ ለተወራራጅ መንገር ጀመረ። ግምቱ ሲይዝ መጀመሪያ ሁለት ሺህ፣ በኋላ አምስት ሺህ ዶላር ይከፈለው ነበር።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ዶናጊን የገዙት ሰዎች በጥቁር መኪና የመጡ ወንበዴዎች አልነበሩም። አንድ ትምህርት ቤት አብረውት የተማሩ ሰዎች ናቸው። በስልክ ሲያወሩ ምልክታቸው የአንደኛው ጓደኛ ወንድሞች ስም ነበር። የአንዱ ወንድም ስም ከተነሳ ባለሜዳው ቡድን፣ የሌላው ከተነሳ እንግዳው ቡድን ማለት ነው። ጎረቤት ሆኖ የሚሰማ ሰው «የቤተሰብ ደኅንነት እየተጠያየቁ ነው» ብሎ ያልፋል። ዳኛን የሚያበላሸው ሰው ብዙ ጊዜ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ሻይ ጋብዞ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቆ ነው የሚጀምረው።

አሁን ውርርዱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ወጣቶቹ ከእኔ የተሻለ ስለምታውቁት ታገሡኝ። በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ትልቁ ውርርድ «ማን ያሸንፋል?» የሚል አይደለም፤ «በስንት ነጥብ ልዩነት?» የሚል ነው። ጠንካራው ቡድን በሰባት ነጥብና ከዚያ በላይ ያሸንፋል ብሎ ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው አለ እንበል። አንድ ደቂቃ ቀርቶ ቡድኑ በስድስት ይመራል። ለተራው ተመልካች ጨዋታው አልቋል፤ ጫማውን እየፈለገ ነው። ለተወራራጁ ግን ገና መጀመሩ ነው። በዚያች ደቂቃ አንድ ፋውል ቢነፋ፣ ሁለት የቅጣት ውርወራ ቢሰጥና ሁለቱም ቢገቡ ልዩነቱ ስምንት ይሆናል። ማን ይጮኻል? ተሸናፊው ተሸንፏል፣ አሸናፊው አሸንፏል። በዚያች ፊሽካ የተከፋ ተመልካች የለም። በአንድ የኤንቢኤ ጨዋታ ደግሞ የሁለቱ ቡድን ፋውል ሲደመር አርባ ገደማ ይሆናል። ከአርባው ውስጥ ሁለቷን ማን ይለያታል?

ሐሳቡን ወደ አህጉራችን ላምጣው፤ ለዚህ ደግሞ ከእግር ኳስ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2016 ደቡብ አፍሪካ ፖሎክዋኔ ላይ ከሴኔጋል ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጫወተች። ጋናዊው ዳኛ ጆሴፍ ላምፕቴይ ኳሱ የካሊዱ ኩሊባሊን ጉልበት ሲነካ «እጅ ነው» ብሎ ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ። ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 አሸነፈች። እንደ ድሮው ብናስብ «ደቡብ አፍሪካ ገዛችው» እንል ነበር። ነገሩ ሲጣራ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። የውርርድ ገበያን የሚከታተሉ ባለሙያዎች የገንዘቡ ፍሰት ያልተለመደ መሆኑን አይተው ነበር፤ ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤትም ዳኛው ሆን ብሎ የተሳሳተው በጨዋታው የተወሰነ የጎል ብዛት እንዲቆጠርና ውርርድ እንዲያዝ ነው ብሎ ወሰነ። ማን እንዳገባ ግድ አልነበራቸውም፤ ጎል ይቆጠር እንጂ! ዲኤስቲቪ ቤት የምትቀመጡ ልጆች «ኦቨር» የምትሉት ነው። ፊፋ ላምፕቴይን ዕድሜ ልክ አገደው፣ ጨዋታውም በድጋሚ እንዲካሄድ አዘዘ። በዓመቱ ሴኔጋል እዚያው ሜዳ ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ሩሲያ ገባች።

ያ ፊሽካ ባይመረመር ኖሮ የሳዲዮ ማኔ ሴኔጋል የዓለም ዋንጫ ትኬቷ በማታውቀው ሰው ውርርድ አደጋ ላይ ወድቆ ነበር ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካም ባላደረገችው ነገር ስሟ ሲነሳ ይኖር ነበር።

አንድ ልጨምርና ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። ኤደን ማርዋ የሚባል ረዳት ዳኛ ነበር፤ ሙያው መምህርነት ነው። ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ተመርጦ ሻንጣውን ሊያዘጋጅ ሲል፣ የጋናዊው ጋዜጠኛ አናስ አረሜያው አናስ ቡድን በድብቅ ካሜራ የቀረፀው ምስል ወጣ። በምስሉ ላይ ገንዘብ ይቀበላል፤ 600 ዶላር። ከዓለም ዋንጫው ቀረ፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም ዕድሜ ልክ አገደው። 600 ዶላር! እኔን የሚገርመኝ የገንዘቡ ማነስ ነው። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ስም ዋጋው አንድ መካከለኛ ስልክ ሆኖ ተገኘ። ይህን የምለው በሰውዬው ላይ ለመፍረድ ብቻ አይደለም። ዳኛ በርካሽ የሚሸጠው በርካሽ ስለሚኖር ጭምር ነው፤ ሦስተኛው ነጥብ ላይ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነገሬ፦ ዳኛ ተሸጠ ሲባል ተመልካቹ ምን ይሆናል?

የዶናጊን ጉዳይ በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዐቃቤ ሕግ የጨዋታ ውጤት አዛብቷል ብሎ አልከሰሰውም። ኤንቢኤ ላውረንስ ፔዶዊትዝ በሚባል የሕግ ባለሙያ ያስጠናው ሪፖርትም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2008 ሲወጣ፣ ሆን ብሎ ያዛባው ጨዋታ ስለመኖሩ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ዶናጊ ራሱም «ተወራረድኩ፣ መረጃ ሸጥኩ እንጂ በፊሽካዬ አላጭበረበርኩም» ይላል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ጋዜጠኞች የውርርዱን ገንዘብ እንቅስቃሴና የነፋቸውን ፋውሎች አስተያይተው «አጭበርብሯል» ብለው ጻፉ። የትኛው እውነት ነው? ክርክሩ ዛሬም አልቆመም። መርዙም ያለው እዚህ ላይ ነው። ወንጀሉ ተረጋግጦ ቢሆን ኖሮ የተበላሹትን ጨዋታዎች ቆጥረን፣ አዝነን፣ እንዘጋው ነበር። ሳይረጋገጥ ሲቀር ግን የዳኛቸው ጨዋታዎች ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነው ቀሩ።

ነገሩ በእሱ ጨዋታዎችም አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2002 የሎስ አንጀለስ ሌከርስና የሳክራሜንቶ ኪንግስ በምዕራቡ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታቸውን ተጫውተው ነበር። ሌከርስ 106 ለ 102 አሸነፉ፤ በአራተኛው ሩብ ብቻ 27 የቅጣት ውርወራ አግኝተዋል። ያን ጊዜ የሳክራሜንቶ ደጋፊ ተናደደ፣ «ዳኛው በላን» አለ፣ እንደማንኛውም ደጋፊ። ዶናጊ በዚያ ጨዋታ ላይ አልዳኘም። ነገር ግን ከስድስት ዓመት በኋላ ሊፈረድበት ሲል ጠበቃው ለፍርድ ቤት ባስገባው ጽሑፍ፣ ተከታታዩ ጨዋታ እንዲረዝም የፈለጉ ዳኞች ነበሩ የሚል ነገር ጣል አደረገ። ኤንቢኤ አስተባበለ፤ ማስረጃም አልተገኘም። ግን ማን ይስማ? ሲናደድ ኖሮ ሊረሳው የነበረ ደጋፊ፣ «አላልኳችሁም?» አለ። አንድ የተበላሸ ሰው የራሱን ጨዋታ አበላሽቶ አልበቃውም፤ እሱ የሌለበትን፣ ሌሎች ሰዎች የዳኙትን፣ ያለፈ ጨዋታ ሳይቀር አበላሸ።

የዛሬ ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ ሌላው ቢረሳችሁ ይህን አትርሱብኝ። የሚሸጥ ዳኛ ትልቁ ተጎጂ የተሸነፈው ቡድን አይደለም። ትልቁ ተጎጂ በቀጣዩ ሳምንት ፊሽካ ይዞ የሚገባው ታማኝ ዳኛ ነው። ታማኝ ዳኛ ይሳሳታል። ጨዋታው ፈጣን ነው፣ የሚያየው በሁለት ዓይን ነው፣ ከትልልቅ ተጫዋቾች መሐል ቆሞ ነው። በፊት ሲሳሳት «ተሳሳተ» ይባል ነበር። አሁን ሲሳሳት «ስንት በላ?» ይባላል። የተሰረቀው የመሳሳት መብቱ ነው። መሳሳት የማይፈቀድለት ሰው ደግሞ ወይ ሥራውን ይተዋል፣ ወይ ከጩኸቱ ጋር መንፋት ይጀምራል፤ ሕዝቡ ወደጮኸበት። ያም ቢሆን ሌላ ዓይነት መሸጥ ነው፤ የሚከፈለው በጭብጨባ ሆነ እንጂ።

በሜዳችን «ዳኛው ሌባ!» እያልን እንጮኻለን። እኔም ጮኼ አውቃለሁ። የድሮው ጩኸት ግን ግማሹ ቀልድ ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ያንኑ ዳኛ መንገድ ላይ አግኝተን ሰላም እንለው ነበር። የዛሬው ጩኸት ቀልድ የለውም። ለምን? ምክንያቱም የሚጮኸው ሰው እጁ ላይ ስልክ አለ፤ ስልኩ ላይ የውርርድ ትኬት አለ።

እስቲ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። እዚሁ ከተማ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ ነበር፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው የሚታየው። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። የአንዱን ቡድን መለያ ለብሷል። ቡድኑ ሲገባበት ብድግ ብሎ ጨበጨበ። «ዋላል (ወንድሜ)፣ የአንተ ቡድን እኮ ነው የገባበት!» አልኩት። ስልኩን አሳየኝ። አምስት ጨዋታ ደርድሯል፣ የሁሉም ኦድ ተባዝቶ ከታች ተጽፏል፣ ያስያዘው ሃምሳ ብር ነው፣ ሊያገኝ የሚችለው ብር ደግሞ የወር ገቢውን ያክላል። በዚህኛው ጨዋታ የመረጠው ሁለቱም ቡድኖች ጎል ያገባሉ የሚለውን ነው። «አዴር (አጎቴ)፣ ማሸነፍ ለቡድኑ ነው። ለእኔ ጎል ይግባ ብቻ» አለኝ። አራቱ ያዙለት። በአምስተኛው፣ ስሙን አይቶት በማያውቀው የሌላ አገር ቡድን ተበላ። ተበላሁ ሲል ግን የረገመው ራሱን አይደለም፣ ቡድኑንም አይደለም። የረገመው ዳኛውን ነው። ጨዋታውን እንኳ አላየውም፤ ውጤቱን ስልኩ ላይ ነው ያነበበው!

ይህ ልጅ መጥፎ ልጅ አይደለም፤ አዴር ብሎ ያከበረኝ የሰው ልጅ ነው። ነገር ግን ደጋፊነቱ ተወስዶበታል። ደጋፊ ቡድኑ ሲሸነፍ ያዝናል፤ ከሰው ጋር ያዝናል፣ ነገ ይጽናናል። ተወራራጅ ብቻውን ይበላል፤ ለመጽናናትም ሌባ ይፈልጋል። ስለዚህ እምነቱን የሚያጠፉት ዳኞች ብቻ ናቸው ብላችሁ እንዳትሄዱ። ገንዘቡን ጨዋታው ላይ ያስቀመጠ ተመልካች የዳኛውን ታማኝነት ማየት የሚችልበት ዓይኑን አብሮ አስይዟል።

ውርርዱ ደግሞ እየረቀቀ ነው። አሁን ከቡድን ወርዶ ሰው ላይ ደርሷል። እከሌ ስንት ነጥብ ያስቆጥራል፣ ስንት ሪባውንድ ይይዛል ተብሎ ይወራረዱበታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ኤንቢኤ የቶሮንቶ ራፕተርሱን ጆንቴይ ፖርተርን ዕድሜ ልክ አገደ። ስለ ራሱ ጤና ለተወራራጅ አስቀድሞ ነግሯል፤ ከዚያም ጥቂት ደቂቃ ተጫውቶ «አሞኛል» ብሎ ወጥቷል። ያን ዕለት «ፖርተር ከተገመተው በታች ይሆናል» በሚል ሰማንያ ሺህ ዶላር ተይዞ ነበር፤ ቢከፈል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያስገኛል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 ደግሞ የማያሚ ሂቱ ቴሪ ሮዚየር በተመሳሳይ ጉዳይ ተይዞ ተከሷል፤ እሱ ጥፋተኛ አይደለሁም ይላል። እንግዲህ ከአሁን በኋላ አንድ ተጫዋች እግሩን ይዞ ሲወጣ ተመልካቹ «አይዞህ» ይላል ወይስ ስልኩን ያያል? የታመመ ሰው እንኳ የማይታመንበት ጨዋታ እየመጣ ነው።

በአገራችንም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ራሱ በአንድ ወቅት «ቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ይባል ነበር፤ ቤትኪንግ የውርርድ ድርጅት ነው። ሕግ ተጣሰ አላልኩም፤ የስፖርት ውርርድ ፈቃድ ይሰጥ የነበረው የመንግሥት አካል ነው፣ ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር። የሊጉ ሰዎችም ክለቦቹ ገንዘብ ይፈልጋሉ ቢሉ አልፈርድባቸውም። ግን በውርርድ ድርጅት ስም የሚጠራ ሊግ ውስጥ ዳኛ ሲሳሳት ተመልካቹ ምን እንደሚያስብ መጠየቅ ነበረባቸው። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ የውርርድ ቤቶችን ስትዘጋ «ተገላገልን» ያለ ብዙ ነበር። ቤቱ ተዘጋ፤ ስልኩ ግን ክፍት ነው። ቶጎ ውጫሌ ኬላ ላይ ተቀምጦም ስልክና የሞባይል ገንዘብ ያለው ሰው ትኬት መቁረጥ ይችላል። ቁማር በሱረቱል ማኢዳ ከመጠጥ እኩል እንደተከለከለ ለዚህ አዳራሽ የምነግረው እኔ አይደለሁም፤ ከእኔ የሚበልጡ ኡስታዞች እዚህ ተቀምጠዋል። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ቁማር ሲያስተምሩ ካርታና ዳማውን ብቻ ሳይሆን ስልኩንም በስሙ ይጥሩልን። ብዙ ልጅ ቁማር እየተጫወተ መሆኑን አያምንም፤ «ስፖርት ነው» ይላል።

ሦስተኛው ነገሬ፣ እኛ ምን እናድርግ?

ከአንድ ያየሁት ነገር ልጀምር፤ ከተማውንም ውድድሩንም አልጠራም። የትምህርት ቤት ሜዳ ነው፣ ሲሚንቶ፤ ቀለበቱ መረብ የለውም፣ ስለዚህ ኳሷ ገባች አልገባችም የሚለው ራሱ ክርክር ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። ከሚጫወቱት ቡድኖች የአንደኛው ኮሚቴ የሆነ ሰው ወደ ዳኞቹ መጣ፤ ከኪሱ የታጠፉ ብሮች አውጥቶ ለሁለቱም ሰጣቸው፣ ዳኞቹ ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ምንድነው? የውሎ አበላቸው ነው! ሌላ ምንም የለበትም። አዘጋጁ ገንዘብ ስላልነበረው አበሉን ባለሜዳው እንዲሸፍን ተስማምተዋል፤ ሰውዬውም ቀድሞ መሄድ ስለነበረበት በእረፍት ሰዓት ከፈለ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ግን የሜዳው አየር ተለወጠ። ሕዝቡ ብሩን አይቷል። ከዚያ በኋላ የተነፋች እያንዳንዷ ፊሽካ የዚያ ብር ድምፅ ሆነች። እነዚያ ዳኞች ንጹሕ ነበሩ፤ ንጽሕናቸውን የሚያሳዩበት መንገድ ግን አዘጋጁ ነፈጋቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው፤ የዳኛ አበል ከሚጫወት ቡድን እጅ አይምጣ። ትንሽም ቢሆን አዘጋጁ ይሰብስበው፣ ከጨዋታው በፊት ወይም በማግስቱ በፊርማ ይክፈል። ዳኛን ለስላሳ ጠጣ፣ ምሳ ብላ ማለትም ቢሆን በአዘጋጁ ይሁን። ቅድም «በርካሽ ስለሚኖር በርካሽ ይሸጣል» ያልኩት ይህን ነው። የትራንስፖርት ብር ከቡድን መሪ የሚለምን ዳኛ በዚያው ሰው ላይ ቴክኒካል ፋውል ለመንፋት ስንት ጊዜ ያስባል?

ቀጥሎ፣ ምስጢር እንቀንስ። ኤንቢኤ ከዶናጊ በፊት የትኛው ዳኛ የትኛውን ጨዋታ እንደሚመራ ይደብቅ ነበር፤ ለጥንቃቄ ብሎ። ያ ምስጢር ራሱ ሸቀጥ ሆነ። ዶናጊ ከሸጣቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነበር፤ ዛሬ ማታ እነ እከሌ ናቸው የሚዳኙት፣ እከሌ ደግሞ ከዚያ አሠልጣኝ ጋር አይስማማም የሚል መረጃ። ከዚያ በኋላ ሊጉ የዳኞቹን ስም በጨዋታው ቀን ጠዋት ለሁሉም ማሳወቅ ጀመረ፤ ለሁሉም የተነገረ ነገር ገዢ የለውም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አንገት ለአንገት በነበሩ ጨዋታዎች የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ዳኛው የነፋውንና ያልነፋውን እየዘረዘረ፣ ይሄኛው ልክ ነበር፣ ይሄኛው ስሕተት ነበር ብሎ በማግስቱ ያወጣል። ብዙ ዳኞች ጠልተውታል። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። «ተሳስተናል» ብሎ በጽሑፍ የሚያወጣ ተቋም ለዳኛው የመሳሳት መብቱን እየመለሰለት ነው፤ ስሕተት የሚለው ስም ከሌብነት የሚለው ስም ተለይቶ በወረቀት ላይ ሰፈረ።

«እኛ ካሜራ የለን፣ ኮምፒውተር የለን» ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ግን ከካሜራ የሚበልጥ ነገር አላችሁ። በሔር፣ በሶማሌው ባህላዊ ሕግ ዳኝነት፣ ከግራሩ ሥር ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ነገሩ የሚሰማው በአደባባይ ነው። ተከራካሪው ሔር ቤግቲ (የሔር ዳኞች) ሆነው ከተቀመጡት አንዱን «ይህ ሰው የባላጋራዬ አማች ነው» ወይም «ቂም አለብን» ብሎ እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል፤ ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ነው ታዲያ፣ ከተሰጠ በኋላ አይደለም። ይህን ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። ለምንድነው ታዲያ በኳስ ሜዳችን የማይሠራው? በአንድ ከተማ ሁሉም ሰው ዘመድ ነው፤ የጎሳ ዝምድና የሌለው ዳኛ ብንፈልግ ከጨረቃ ማስመጣት ሊኖርብን ነው። ግን ስሙ ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ቡድን መቃወም ከፈለገ ያን ጊዜ ይቃወም፤ ምክንያቱን ይናገር፣ አዘጋጁ ይወስን። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ «የእነሱ ሰው ነው» የሚል አቤቱታ አይሰማ። ቀድሞ የመቃወም ዕድል የተሰጠው ሰው በኋላ የሚጮኽበት አፍ ያጥረዋል።

ሌላው በፍጥነት የማልፈው ነው፤ አከራካሪ አይደለምና። የሚዳኝ ሰው፣ ጠረጴዛ ላይ ነጥብ የሚመዘግብ ሰው፣ የሚያሠለጥን ሰው፣ የሚጫወት ሰው፣ በሚሳተፍበት ስፖርት ላይ አይወራረድ። በሃያ ብርም ቢሆን። በውድድሩ ደንብ ላይ አንድ መስመር ነው፤ ይጻፍ፣ በቃ።

በመጨረሻ ስለ ዳኞች ክብር አንድ ቃል። ልጆቻችን የሚያውቁት የዳኛ ስም የሚጠሉትን ብቻ ነው። እንግዲያው ሌላ ስም ንገሯቸው። ሶማሊያዊው ዑመር አብዱልቃድር አርታን እ.ኤ.አ. በ2025 የአፍሪካ የዓመቱ ምርጥ ወንድ ዳኛ ተብሎ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተሸልሟል። ብዙ ዓመት በጦርነት የቆየች አገር ሰው ነው። የእኛው በአምላክ ተሰማ ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ ተመርጦ ነበር፤ ሊዲያ ታፈሰም በሴቶች የዓለም ዋንጫ አጫውታለች። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ፊሽካ መያዝ የምትፈልግ አንዲት ተማሪ ብትኖር፣ ከፊቷ የሄዱ ሰዎች እንዳሉ ትወቅ። ሜዳ ስትገባ የሚጠብቃት ስድብ ብቻ ከሆነ ግን አትገባም፤ እሷ ካልገባች ደግሞ ፊሽካውን የሚያነሳው ማን እንደሆነ አስቡት።

የእኔ አብቅቷል። ጥያቄና ተቃውሞ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከኋላ ረድፍ ላይ የተቀመጣችሁ የከተማው ዳኞች አላችሁ አሉ፤ ይሄን ሁሉ ሰዓት ስለ እናንተ ሳወራ አንድም ቃል አልተነፈሳችሁም። ማይክሮፎኑን መጀመሪያ ለእነሱ ስጡልኝ።